ካርቶኑ ምን አጠፋ

የቫዮሊን ድምፅ ደስ ይለኛል የሚል ሰው ጀማሪ ልጅ ሲጫወተው ሰምቶ አያውቅም ማለት ነው። እኔ እስኪያንገሸግሸኝ ሰምቼዋለሁ። ልጄ ሳሎኗን የቫዮሊን ትምህርት ቤት ካደረገችው ወዲህ፣ ከሰዓት በኋላ በሆነ ቁጥር ቤታችን ውስጥ ድመት የሚታነቅ፣ ብረት በብረት የሚፋቅ ይመስላል። ጎረቤቶቻችን ሰላምታ የቀነሱት በከንቱ አይደለም። እኔስ የት እሄዳለሁ? ወንበሬን በሩ አጠገብ አድርጌ እቀመጣለሁ። የሚመጡትን ልጆች ጫማ አስወልቃለሁ፣ ንፍጥ እጠርጋለሁ፣ ሽንቴ መጣ የሚለውን ሳይቀድመኝ አደርሳለሁ። ማንም አመስግኖኝ አያውቅም፤ እኔም ጠብቄ አላውቅም።

የማወራችሁ ግን ጆሮዬን ስላደነቆረው ቫዮሊን አይደለም። እኔን ያስፈራኝ ድምፅ የሌለው ነው።

ልጄ ለጀማሪዎች ገና በመጡ ቀን እውነተኛ ቫዮሊን አታስነካም። መጀመሪያ የሚይዙት ካርቶን ነው። ካርቶኑን የምሠራው እኔው ነኝ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ሌላ ማንም ቢሠራው ያፈርሰዋል። የመኮሮኒ ካርቶን እወስድና ቡናማ ወረቀት አለብሰዋለሁ፣ ለአንገቱ ማስመሪያ እሰካበታለሁ፣ ከዳር እስከ ዳር የልብስ ስፌት ክር እወጥርበታለሁ። ደጋን የሚሉት፣ ቫዮሊኑ ላይ ወዲህ ወዲያ የሚጎትቱት የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ዘንግ አለ፤ በእሱ ፋንታ ቀጭን ሸምበቆ እሰጣቸዋለሁ። ኮላው ሲደርቅ ከሩቅ ያየ ሰው እውነተኛ ቫዮሊን ነው ብሎ ይምላል።

ልጆቹ ይህንን አገጫቸው ሥር ሸጉጠው መቆም ይማራሉ። መቆም ብቻ! ልጄ መጀመሪያ ስትነግረኝ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት፤ «መቆምማ እኔም ማስተማር እችል ነበር፣ ምን ያህል ዓመት ቆሜያለሁ» ብያታለሁ። ግን ቀላል አይደለም። ትከሻ ዝቅ፣ ጉልበት ላላ፣ አውራ ጣት ጎበጥ። መቆሙን ሲለምዱ ልጄ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ በቀኝ እጃቸው ጀርባ ላይ ታስቀምጥና፣ ሸምበቆውን በካርቶኑ ላይ እየጎተቱ ከመስኮቱ እስከ በሩ ይሄዳሉ። ቁልፉ ሳይወድቅ የደረሰ፣ ደረሰ ይባላል። «ደርሰሃል!» ትለዋለች ልጄ፣ እጇን እያጨበጨበች፤ ያን ቀን እውነተኛውን ቫዮሊን ይይዛል።

እዚህ ላይ እኔ የማልወደው ነገር አለ። ከመጀመሪያዎቹ ልጆች አንዱ የደረሰ ቀን ከደስታው ብዛት ካርቶኑን መሬት ጥሎ ዘለለበት። ሌሎቹ ሳቁ፣ አጨበጨቡ። ከዚያ ወዲህ ወግ ሆነ። የደረሰ ሁሉ ካርቶኑን መሬት ያስቀምጣል፣ ጓደኞቹ ጭብጨባውን እያፋጠኑ ይቆጥሩለታል፣ ከዚያ ይረግጠዋል። እነሱ ይስቃሉ፣ እኔ የእጄን ሥራ ጠርጌ እጥላለሁ። ልጄን «ይሄ ነውር ነው» ስላት፣ «እማዬ፣ ልጆች ናቸው፤ ደስታቸው ነው» ትለኛለች።

ከልጆቹ አንዷ የልጅ ልጄ ናት። አጭርና ቀጭን ስለሆነች ሁሉም ጢኒጥ ነው የሚላት፤ የወተት ጥርሷ ገና ሳይነቃነቅ ነው እናቷ ከተማሪዎቹ ጋር ያቆመቻት። አባቷ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ ቤቱን የሚያውቀው እንደ እንግዳ ነው፤ ልጅቷን ያሳደግናት እኔና እናቷ ነን። የእሷን ካርቶን ስሠራ ምንም አልሰሰትኩም። ጠርዙን በቀይ ክር ሰፋሁላት። ቁልፏም ከራሴ አሮጌ ካፖርት የቆረጥኩት ቀይ ቁልፍ ነው። ካርቶኗን ስሰጣት አቅፋ አሸተተችው። «እማማ፣ ኮላ ኮላ ይላል» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጠገቧ ሳታደርገው ተኝታ አታውቅም።

እናቷ ሕግ አወጣችባት። በትምህርት ሰዓት «እማዬ» አይባልም፤ እንደ ሌሎቹ «ቲቸር» ነው።

«የገዛ እናቷን?» አልኳት።

«አንዷን ልጅ ሳቅፍ ሌሎቹ ቢያዩኝ ምን ይላሉ?»

ጢኒጥ አላስቸገረችም። አንድ ጊዜ ነገሯት፣ ያዘች። ችግሩ መያዟ ነው። ትንሽ ቆይቶ ምሳ ላይ «ቲቸር፣ ውሃ ስጪኝ» አለች። እናቷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ልጅቷም አልሳቀችም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጉንጮ የደረሰ ቀን ነው። ጉንጮ የምንለው የባንኳ ሴትዮ ልጅ ነው፤ እናቱ የባንክ ኃላፊ ናት፣ ልጁን ስታመጣ ሽቶዋ ቀድሟት ይገባል። ልጁ መልካም ልጅ ነው፣ ግን ሲቆም እንኳ የሚሄድ ይመስላል። ቁልፉን እጁ ላይ አድርጎ ከመስኮቱ ተነሣ። በሩ ጋ ሊደርስ አንድ እርምጃ ሲቀረው አስነጠሰው፣ ቁልፉ ከእኔ ወንበር ሥር ተንከባሎ ገባ።

«ወደቀ» አልኩ።

«ደርሶ ነው የወደቀው!» አለች ልጄ ቶሎ ብላ፣ የባንኳ ሴትዮ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ታያለችና። «ጎበዝ! ደርሰሃል!»

ልጆቹ አጨበጨቡ። ጉንጮ ካርቶኑን ረገጠ። ቋ ብሎ የተሰበረው ማስመሪያ ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ቀጥሎ ጢኒጥ ናት። ካርቶኗን አገጯ ሥር አስገባች፣ ቀዩን ቁልፍ ራሷ አስቀመጠች፣ ሄደች። እኔ ብዙ ሰው ሲሄድ አይቻለሁ፤ እንደዚያ የሄደ አላየሁም። ቁልፉ እጇ ላይ የተሰፋ ይመስላል። በሩ ጋ ደረሰች። ተመለሰች። እንደገና ደረሰች። እናቷ አየቻት፣ የባንኳን ሴትዮ አየች፣ እንደገና እሷን አየች።

«ትከሻሽ» አለቻት። «ትንሽ ይነሣል። ገና ነሽ።»

«እሺ ቲቸር» አለች ጢኒጥ፣ ወደ ቦታዋም ተመለሰች። ብታለቅስ ኖሮ ደስ ባለኝ። ልጅ ሲያለቅስ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ።

ልጆቹ እንደሄዱ ኩሽና ውስጥ ያዝኳት፣ ልጄን።

«ይቺን ልጅ የማታሳልፊያት ለምንድን ነው?»

«ገና ናት አልኩ እኮ።»

«ምኗ ነው ገና? ያ አፍንጫው የፈሰሰው አልፎ?»

«ትከሻዋ ይነሣል።»

«የጉንጮስ? ትከሻው ጆሮው ውስጥ ገብቶ አልነበር እንዴ?»

ሰሃኑን ማጠቢያው ላይ ኳ አድርጋ አስቀመጠችው። «እማዬ፣ አንቺ በሩ ላይ ተቀምጠሽ የሚወራውን አትሰሚም? ‹የቲቸር ልጅማ ምን አለባት፣ ቀንም ሌትም አስተማሪዋ ቤቷ ናት› ይሉኛል። ሰው ልጁን አምኖ የሚሰጠኝ አታዳላም ብሎ ነው። የእኔ ልጅ ካለፈች ማንም እንከን ነቅሶ የማያወጣባት ሆና ማለፍ አለባት።»

«እንከን ካላጣሽባት መቼ ነው የምታልፈው?»

«ደግሞ አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አንቺን ግን ወልጃለሁ። ስወልድሽ ትከሻሽን አልለካሁም።»

ልጄ ስትናደድ ሰሃን ታጥባለች። ያን ቀን ንጹሑንም ደግማ አጠበችው።

ሌሎቹ አንድ በአንድ ደረሱ። አዲስ የመጡት ሳይቀሩ ደረሱ። ካርቶን ይረገጣል፣ እኔ እጠርጋለሁ፣ እንደገና እሠራለሁ። ጢኒጥ ብቻ ከነካርቶኗ መስኮቱ ሥር ቆማ ቀረች። ሌሎቹ እውነተኛውን ሲያንጫርሩ እሷ ሸምበቆዋን ትጎትታለች፣ ከእነሱ እኩል ትጀምራለች፣ ከእነሱ እኩል ትጨርሳለች። ድምፅ የለም። በመጨረሻማ እነሱ ሲሳሳቱ እሷ ቆማ ትጠብቃቸው ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በፊት ነው። ልጄ ሱቅ ሄዳለች፤ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ የልጄን ድምፅ ከመኝታ ቤት ሰማሁ።

«ትከሻሽ። ደግሜ አልናገርም። ትከሻሽ።»

መቼ ተመለሰች ብዬ ገባሁ። ልጄ የለችም። ጢኒጥ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። ፊት ለፊቷ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ካርቶኖች ተሰልፈዋል። እኔ ጠርጌ የጣልኳቸው ካርቶኖች። ከቆሻሻው ውስጥ እየለቀመች፣ ሆዳቸው የተረገጠውን በቁስል ፕላስተር እየለጠፈች፣ የተሰበረ አንገታቸውን በጫማ ክር እያሰረች አልጋዋ ሥር ስታኖራቸው ኖራለች። አንዳንዱ ላይ የተረገጠበት የእግር ቅርፅ ሳይቀር ይታያል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያስተማርኩ» አለች ሳትዞር።

«እነማንን?»

«ያልደረሱትን።»

የእናቷ ድምፅ ነበር እላችኋለሁ! ቃሉ ብቻ ሳይሆን፣ ከቃሉ በፊት የምትስበው ትንፋሽ እንኳ የልጄ ነው።

«ነይ፣ ዳቦ ልስጥሽ» አልኳት።

«እማማ፣ መጀመሪያ ስሚ።» የራሷን ካርቶን አነሣችና ሸምበቆውን አሳረፈች። ከዳር እስከ ዳር ጎተተችው። ዓይኗን ጨፍና ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ነበር። «ሰማሽ?»

«ምኑን?»

«እሱን» አለች። አዘነችልኝ መሰለኝ። «ግድ የለም፣ እማማ። ትሰሚያለሽ።»

ለልጄ ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። እጄን ይዛ ወደ መኝታ ቤቷ ወሰደችኝ፣ በሩን ቆለፈች፣ ወንበር ላይ ወጥታ ከቁም ሳጥኑ አናት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አወረደች። ስትከፍተው የሚያብረቀርቅ ቫዮሊን ነው፣ ለዚያች ለድንክዬ ትከሻ የተሠራ የሚመስል። ቫዮሊን ባልወድም ይሄንን ወደድኩት።

«የጢኒጥ ነው» አለች ልጄ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ጉንጮ ካለፈ ጀምሮ እዚህ አለ። በወላጆች ቀን፣ ሰው ሁሉ ፊት ነው የምሰጣት። ያን ጊዜ ማንም ምንም አይለኝም፤ ሲያያት ዝም ይላል። እስከዚያ እንዳትነግሪያት አደራ።»

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሴትዮዋ ልብ አላት ለካ አልኩ። ዳቦውን ለጢኒጥ በማር አድርጌ ሰጠኋት፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

የወላጆች ቀን ሲቃረብ ግን እንደ ልጅ አላስችል አለኝ። ቤቱ ባዶ ሲሆን ወንበር ላይ ወጥቼ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ያንን ጥቅልል አወረድኩት። ላየው ብቻ ነበር። ጥቅልሉን ስፈታ ክሮቹ መካከል፣ ልክ መሃሉ ላይ፣ ቀይ ቁልፍ ተቀምጧል። የእኔ ካፖርት ቁልፍ።

ጢኒጥ ስትመለስ ቁልፉን አሳየኋት። አልደነገጠችም።

«ቫዮሊኑን መቼ አየሽው?»

«ቲቸር ያመጣችው ቀን። በበሩ የቁልፍ ቀዳዳ አጮልቄ።»

«ታዲያ ቁልፍሽን ለምን እዚያ ውስጥ ከተትሽው?»

«ስትከፍተው እንዳየሁት እንድታውቅ። ካወቀች ትሰጠኛለች ብዬ።» ጣቶቿን አየች። «አንቺን ካሳየችሽ ወዲህ ደግማ አልከፈተችውም።»

«የኔ ቆንጆ፣ ልትሰጥሽ እኮ ነው። ለበጎ ነው የደበቀችው።»

«እማማ፣ እኔ ስለሌላት መስሎኝ ነበር የማትሰጠኝ።» በጣም ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «አላት።»

ቁልፉን መለስኩላት። በጡጫዋ ጨበጠችውና፣ «እማማ» አለችኝ፤ «ስትሰጠኝ የእኔን ካርቶን እረግጠዋለሁ?»

«ሁሉም ይረግጥ የለ?»

«የእኔ ካርቶን ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም።»

«ያጠፋው ነው መረገጥ ያለበት» አለች። ከዚያ ሄዳ ካርቶኗን አነሣችና በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። ልጅ ሲናገር ትሰማላችሁ፣ ታልፋላችሁ። ይሄንን ግን አላለፍኩትም።

ልጄን ያገኘኋት በዋዜማው ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ዙሪያዋን ቫዮሊን ደርድራ፣ ክር ትወጥራለች።

«ልጅቷ አይታዋለች» አልኳት። «አሁኑኑ አውርደሽ ስጫት።»

እጇ ቆመ። «አንቺ ነሽ የነገርሽያት?»

«እኔ ብነግራት ይሻል ነበር! እንደመጣ ቀን ነው ያየችው። ይሄን ሁሉ ጊዜ እያወቀች ነው ‹ገና ነሽ› ስትያት የኖርሽው።»

«እህ… ታዲያ ነገ እኮ ነው! አንድ ቀን ጠብቃ ልትደሰት አይደል?»

«ሰው ፊት አትስጫት ነው የምልሽ። እዚሁ ጓዳ ስጫት። ካርቶኗንም አታስረግጫት።»

«እማዬ፣ ሁሉም ረግጧል። ለእሷ ብቻ ሌላ ሕግ ላውጣ? ይሄው የፈራሁት!»

«ልጅቷ ደህና አይደለችም፣ አንቺ ሴት! ዓይኗን አይተሽዋል?»

«ፈርታ ነው። መድረክ ሁሉም ይፈራል።» መወጠሪያውን አዞረች፣ ክሩ ጢዝ አለ። «ነገ ሁሉም ነገር ይስተካከላል። ብቻ አንቺ ነገር አታብዢብኝ።»

ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ማታ ጢኒጥ ስትተኛ ካርቶኗን አቅፋ፣ እግሯን ከብርድ ልብሱ ውጭ አድርጋ ነው። አዲሱን የመድረክ ጫማዋን አላወለቀችም። ላወልቅላት ስሞክር በእንቅልፍ ልቧ እግሯን ሳበችብኝ።

አዳራሹ የትምህርት ቤት ነው፤ ወንበሩ ጠንካራ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ሲያስሉ የሚያስተጋባ። ወላጅ ሞልቷል። የባንኳ ሴትዮ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ? የእናንተዋስ ዛሬም በካርቶን ነው?» አለችኝ እየሳቀች።

«የእናንተው ካላስነጠሰው እናያለን» አልኳት። ሳቋን ዋጠችው።

ልጆቹ ተጫወቱ። ጉንጮ ደጋኑን ጣለ፣ አነሣው፣ ሰው አጨበጨበ። ጢኒጥ ከዳር ቆማ ከነሱ እኩል ሸምበቆዋን ጎተተች። ከዚያ ልጄ ወደ ፊት ወጣች። አንድ ልጅ ቀርታለች አለች። እዚህ ውስጥ ካሉት ሁሉ ረጅም ጊዜ የጠበቀች ናት አለች። «የእኔ ልጅ ስለሆነች አላሳለፍኳትም። ዛሬ እናንተው ፍረዱ።» ከመጋረጃው ጀርባ ቫዮሊኑን አወጣች። ሰዉ «ውይ!» አለ። አንዳንዱ እንባውን ጠረገ። እኔ ወንበሩን በሁለት እጄ ጨብጫለሁ።

ጢኒጥ ካርቶኗን ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ እንደ ሰው ደገፍ አድርጋ። ቫዮሊኑን ተቀበለች። ቀዩን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ እጇ ጀርባ ላይ አደረገች። ደጋኑን አሳረፈችና ጎተተች።

አንድ ድምፅ ነው የወጣው። አንድ ብቻ። እኔ ቫዮሊን ስሰማ የኖርኩት ሁሉ ቫዮሊን አልነበረም ማለት ነው። እንደ ውሃ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ጣሪያውን ነክቶ ተመለሰ፣ ቁልፉ ንቅንቅ አላለም። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ እንኳ አፏን ከፈተች። ደጋኑ ጫፍ ሲደርስ ልጅቷ ዓይኗን ገለጠችና እናቷን አየች። አሁን፣ አልኩ በልቤ። ልጄ፣ አሁን አንድ ቃል ተናገሪ።

ልጄም ተናገረች። ልማድ ሆኖባት ነው፤ አፏ ቀድሟት። እንባዋ እየወረደ፣ ፈገግ እያለች፣

«ትከሻሽ» አለች።

ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ግን ወጥቷል።

ጢኒጥ እንደተማረችው ለሰዉ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። ቫዮሊኑን ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ከኋላዋ የተሰለፉት ልጆች ይሄንን ያውቁታል፤ የደረሰ ልጅ መሬት ሲያስቀምጥ ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ። ጉንጮ ጀመረ፣ ሌሎቹ ተከተሉት። ጭብጨባው መጀመሪያ ቀስ፣ ከዚያ ፈጠን፣ ከዚያ ፈጠን። ወላጆቹም ጨዋታ መስሏቸው አብረው አጨበጨቡ። «ተዉ!» ብዬ ተነሣሁ፤ በዚያ ሁሉ ጭብጨባ ውስጥ የአንዲት አሮጊት ድምፅ ማን ይሰማል? ልጄ ሮጠች። አልደረሰችም።

ጢኒጥ አዲስ ጫማ ያደረገ እግሯን አንሥታ ቫዮሊኑን ረገጠችው። እንጨቱ እንደ ካርቶን አይደለም። ከስንጥቁ በኋላ ክሮቹ ለብቻቸው ጮኹ፣ ከዚያ አንዱ ሳይበጠስ ቀርቶ ረጅም ጊዜ ጮኸ። ጭብጨባው አንድ በአንድ ሞተ። ጢኒጥ ደጋኑን ለእናቷ መለሰች፣ ካርቶኗን ከወንበሩ አነሣች፣ ወደ ሰልፉ ዳር ሄዳ ቆመች። ትከሻዋ ዝቅ እንዳለ ነው።

በነጋታው ቤቱ ፀጥ ብሏል። ስብርባሪውን በፌስታል አድርጌ አምጥቼው ኩሽና በር ላይ አለ፤ ማንም አልነካውም። ልጄ ሳሎን ውስጥ ከልጆቹ ትንንሽ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጣለች፣ ጉልበቷ አገጯ ጋ ደርሶ። የተማሪዎቹ ሰዓት እየደረሰ ነው፤ ይምጡ አይምጡ አላወቅንም።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ጢኒጥ ካርቶን ይዛ ወጣች። የራሷ አይደለም። የጉንጮ ነው፣ ሆዱ በፕላስተር የተለጠፈው፣ የእግር ቅርፅ ያለበት። እናቷ ጭን ላይ አኖረችው።

«ተነሺ» አለቻት።

«ጢኒጤ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። እኔ…»

«ተነሺ።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ምን ላድርግ? ተነሣች። ካርቶኑን አገጯ ሥር አደረገች። ሸምበቆውን ያዘች። ያቺ ስንት ልጅ ያቆመች ሴት እንደ ጀማሪ ትከሻዋን ሰቀለች። ጢኒጥ በእግር ጣቷ ተንጠራርታ ቀዩን ቁልፍ በእናቷ እጅ ጀርባ ላይ አስቀመጠች።

ልጄ ከመስኮቱ ተነሣች። ገና በሁለተኛው እርምጃዋ ቁልፉ ወደቀ።

ጢኒጥ አነሣችው። አልተቆጣችም። ፊቷ ላይ ቁጣ ቢኖር ኖሮ እንዲህ ባልፈራሁ።

«ትከሻሽ» አለች። «ገና ነሽ። እንደገና።»

«እሺ፣ የኔ እናት።»

«‹እሺ ቲቸር› ነው የሚባለው።»

«እሺ ቲቸር» አለች ልጄ፣ ወደ መስኮቱም ተመለሰች።

ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። የልጆች ሳቅ፣ የጫማ ኮቴ ከውጭ ይሰማል። ሁልጊዜ የምከፍተው እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን ወንበሬ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ፤ ምክንያቱም ሸምበቆው የዚያን የተረገጠ ካርቶን ክር ሲነካ፣ እምላለሁ፣ ሰማሁት።